አሮጌ ተለጣፊንና የሙጫ ቅሪትን ከስብስብ ወረቀቶች ላይ ስለ ማንሣት

ከስብስቤ ውስጥ አንድ ፖስትካርድ አለ፤ በፊቱ ላይ የባቡር ጣቢያ፣ ከጣቢያው በላይ ደግሞ ሰፊ ሰማይ ይታያል። በሰማዩ መካከል የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ነጭ ክብ አለች። ያቺን ክብ የሠራኋት እኔ ነኝ። ካርዱን ባገኘሁበት ጊዜ በቦታው ላይ የዋጋ ተለጣፊ ነበረ፤ ቤት እንደ ገባሁ ጠርዙን በጥፍሬ አንሥቼ ወደ ላይ ሳብኩት። ተለጣፊው ሳያስቸግር ተነሣ፤ ከእርሱ ጋር ግን የወረቀቱ የላይኛው ሽፋን ከነቀለሙ ተልጦ ወጣ። ለአሥርት ዓመታት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ማዕዘኑ እንኳ ያልታጠፈ ካርድ በእኔ እጅ በሁለት ሰከንድ ተጎዳ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የቴምብር፣ የፖስትካርድ፣ የቲያትር ፕሮግራም፣ የካርታና የመጽሐፍ ሽፋን ሰብሳቢ እንደ መሆኔ ይህን አንድ ጉዳይ በተቻለኝ መጠን ስከታተል ቆይቻለሁ። የተረዳሁትን በአንድ ቦታ ላሰፍረው የፈለግሁት፣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር “ይህን ፈሳሽ ቀባው፣ ከዚያ ፍቀው” በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ ስለ ሆነ ነው። ለአንዱ ወረቀት መድኃኒት የሆነው ፈሳሽ ሌላውን ያጠፋዋል። ስለዚህ እጅ ከመሰንዘር በፊት የተለጠፈው ሙጫ ምን ዓይነት እንደ ሆነና በየትኛው የዕድሜው ደረጃ ላይ እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የቀረው ሥራ ሁሉ ከዚህ ዕውቀት ይከተላል።

በፖስትካርዱ ላይ የደረሰውን በአጭሩ ላስረዳ። ወረቀት እርስ በርሳቸው የተጠላለፉ የዕፅዋት ቃጫዎች ንብርብር ነው። ንብርብሮቹ እርስ በርስ የተያያዙበት ኃይል ሙጫው ከላይኛው ንብርብር ጋር ከተያያዘበት ኃይል የሚያንስ ከሆነ፣ ተለጣፊው ሲሳብ የሚለቀው ሙጫው ሳይሆን ወረቀቱ ነው። በተለይ ተለጣፊውን ቀጥ አድርገን ወደ ላይ ስንስበው ኃይሉ ሁሉ ቃጫዎቹን ከሥራቸው ወደ መንቀል ይሄዳል። ፍጥነትም የራሱ ድርሻ አለው፤ ለስላሳ ሙጫ በዝግታ ሲሳብ እየተለጠጠ ይለቃል፣ በድንገት ሲሳብ ግን እንደ ጠጣር ነገር ስለሚሆን ከሥሩ ያለውን ይዞ ይነሣል።

ወደ ዘዴው ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ማንሣት አለብኝ፤ እርሱም ተለጣፊው መነሣት አለበት ወይ የሚለው ጥያቄ ነው። በመጽሐፍ የውስጥ ልባስ ጥግ ላይ የምትገኝ ትንሽ የመጻሕፍት ሻጭ ምልክት መጽሐፉ በማን እጅ እንዳለፈ ትናገራለች። በሥዕል ወይም በፖስተር ጀርባ ላይ ያለ የዐውደ ርእይ ተለጣፊም እንዲሁ ሥራው የትና መቼ እንደ ታየ የሚያሳይ ማስረጃ ነው። የድሮ የሸክላ ሙዚቃ አልበሞች ሽፋን ላይ አሳታሚው ራሱ የለጠፈው የማስታወቂያ ስቲከር ባለበት ሲቆይ ለብዙ ሰብሳቢዎች ዋጋ የሚጨምር ነው። በአሮጌ የወረቀት ገንዘብ ላይ ደግሞ ማናቸውም የማጽዳት ሙከራ በሰብሳቢዎች ዘንድ እንደ ጉድለት የሚቆጠር በመሆኑ፣ እኔ በኖቶች ላይ ያለ የስኮች ፕላስተርን ፈጽሞ አልነካም። አገልግሎት ላይ ያልዋለ ቴምብር የፋብሪካው ሙጫ በጀርባው ካለ ከላዩ የተለጠፈውን የአልበም ማንጠልጠያ፣ ማለትም ቴምብሩን በአልበሙ ገጽ ላይ የምትይዘውን ትንሽ ወረቀት፣ ለማንሣት ሲባል ውኃ ማስነካት፣ ቅሪቷን ለማስወገድ ዋናውን ሙጫ ማጥፋት ነው። እነዚህን ሁሉ እንደ ነበሩ መተው ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ሌላ ጊዜ ግን መተው ራሱ ጉዳት ነው፤ ምክንያቱም አንዳንድ ሙጫዎች ባሉበት ዝም ብለው አይቀመጡም።

በጥንቶቹ ተለጣፊዎች ላይ የምናገኘው በውኃ የሚረጥበው ሙጫ ነው። ከግራር ዛፍ የሚገኘው ሙጫ፣ ከስታርች የሚሠራው ዴክስትሪን፣ የስታርች ልቁጥ፣ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚቀቀለው ሙጫ ሁሉም በዚህ ወገን ይመደባሉ። ቢደርቁና ቢሰነጣጠቁም ውኃ ሲያገኙ መልሰው ያብጣሉ፣ ይለሰልሳሉ። ሁለተኛው ወገን በጣት ሲጫኑት ብቻ የሚይዘው ሙጫ ነው። የዚህ ወገን ታሪክ በወረቀት ሰብሳቢ ዓይን ሲታይ የአደጋ ታሪክ ነው፤ ሪቻርድ ድሩ የተባለው የስሪኤም ኩባንያ ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በ1925 ለቀለም ቀቢዎች የሚሆን የወረቀት ፕላስተር ሠራ፣ በ1930 ደግሞ ግልጽ የሆነው የሴሎፌን ፕላስተር ለገበያ ቀረበ። በ1935 ስታንተን ኤቨሪ ከጀርባው ልጣጭ ወረቀት የሚነሣለትን ተለጣፊ ማምረት ጀመረ። ከእነዚህ ዓመታት በኋላ የተቀደደ ሁሉ በፕላስተር ተጠገነ፣ ዋጋ የሚያስፈልገው ሁሉ በስቲከር ተለጠፈበት፤ ዛሬ በእጃችን ያሉት ቡናማ ነጠብጣቦች የዚያ ምቾት ዕዳ ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ፕላስተሮችና ተለጣፊዎች ሙጫ መሠረቱ ጎማ ነው፤ ጎማው ደግሞ ከሙጫነቱ ጋር ያረጃል። በመጀመሪያ ጊዜው ላይ ላዩን ይጣበቃል እንጂ ወደ ወረቀቱ ብዙ አይገባም፣ ቀለሙም የጠራ ነው። ከጊዜ በኋላ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ይላላል፣ ቅባት መሰል ይሆናል፣ በቃጫዎቹ መካከል ይሰርጋል፤ በዚህ ጊዜ ወረቀቱ ዘይት እንደ ነካው ሁሉ ብርሃን ያሳልፋል፣ ቀለሙም ወደ ቢጫ ይሄዳል። በመጨረሻም የሙጫው ሰንሰለቶች እርስ በርስ ተቆላልፈው ይጠጥራሉ፣ ይሰባበራሉ፣ ቡናማ ይሆናሉ፤ ፕላስተሩ በራሱ ይወድቅና ጥላውን ትቶ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ በስፋት የመጣው በአክሪሊክ ሙጫ የተሠራው ፕላስተር እንዲህ አይቢጫም፣ ሆኖም ቀስ በቀስ እየፈሰሰ ወደ ወረቀቱ መግባቱን አይተውም።

እነዚህ ደረጃዎች የሚጠቅሙን ጊዜው አልፎ እንደ ሆነ ወይም እንዳልሆነ ስለሚነግሩን ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ያለ ሙጫ በትዕግሥት ሊነሣ ይችላል። በሁለተኛው ደረጃ ላይ ያለው አስቸኳይ ነው፣ ምክንያቱም አሁንም በአሟሚ ፈሳሽ ሊወጣ ይችላልና፤ አሥር ዓመት ብንጠብቅ ግን ላይወጣ ይችላል። በሦስተኛው ደረጃ ላይ ያለው ከዚህ በላይ የሚጠፋ ነገር ስለሌለው አያስቸኩልም። ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚቸኩሉት ግን በዚህኛው ነው፤ ቡናማው ዓይን ስለሚስብ።

ለማየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ መብራቱን ከጎን ዝቅ አድርጌ አበራለሁ፤ በዚህ ጊዜ የተነሣው ጠርዝ፣ የተሸበሸበው፣ የሚያብለጨልጨው የሙጫ ፊልም ሁሉ በጥላው ይታወቃል። ከዚያ ወረቀቱን አንሥቼ ከጀርባው ብርሃን አሳልፋለሁ፤ ሙጫው ሰርጎ ከሆነ ያ ቦታ ከዙሪያው ይልቅ ብርሃን ያሳልፋል። በመጨረሻም በአጉሊ መነጽር ጠርዙን እያየሁ በጣም ጥቂት ውኃ የነካ የጥጥ ጫፍ በተለጣፊው ጥግ ላይ ለአፍታ አስነካለሁ። ጥጉ ቢያብጥና ቢያዳልጥ ሙጫው የውኃ ወገን ነው። ምንም ለውጥ ካላሳየ፣ ወይም በጣት ሲነካ እንደ ጎማ ከተለጠጠ፣ የሁለተኛው ወገን ነው።

ወረቀቱም እንደ ሙጫው መነበብ አለበት። ልባስ የሌለው ወረቀት፣ ለምሳሌ አሮጌ ደብዳቤ ወይም የጋዜጣ ወረቀት፣ ሁሉን ነገር ይመጥጣል፤ ፈሳሽ ቶሎ ይገባዋል፣ ቶሎም ይላጣል። አንጸባራቂ ወረቀት ደግሞ በላዩ ላይ ካኦሊን የተባለ ነጭ የሸክላ አፈርና ማያያዣ የተቀባ ሲሆን፣ ውኃ ከነካው ልባሱ ይለሰልሳል፣ አንጸባራቂነቱን ያጣል፣ ከተደራረበ ደግሞ እርስ በርሱ ተጣብቆ ይቀራል። የፎቶግራፍ ወረቀት ምስሉን የያዘው በጄላቲን ውስጥ በመሆኑ ውኃን አይታገሥም። የኳስ እስክሪብቶ ጽሑፍ በአልኮልና በአሴቶን ይሟሟል፤ የማኅተም ቀለም፣ የማርከር ቀለምና አንዳንድ የቴምብር ቀለሞችም እንዲሁ ይሸሻሉ። ለዚህ ነው ማናቸውም ፈሳሽ አስቀድሞ በማይታይ ጥግ ላይ፣ ከመርፌ ራስ በማይበልጥ ነጥብ መሞከር ያለበት። በነጥቡ ላይ ነጭ መጣጭ ወረቀት ተጭኖ ሲነሣ ቀለም ካለበት ሥራው በዚያ ይቆማል።

ከወረቀቶች ሁሉ ይልቅ ማስጠንቀቂያ የሚያስፈልገው በሙቀት የሚታተመው ነው። በቅርብ አሥርት ዓመታት የወጡ ብዙ የሙዚቃ ዝግጅት፣ የስፖርትና የጉዞ ቲኬቶች የታተሙት ያለ ቀለም ነው፤ ወረቀቱ ራሱ በሙቀት የሚጠቁር ልባስ ተቀብቷል። በላዩ ላይ የፀጉር ማድረቂያ ማብራት ቲኬቱን በሙሉ ማጥቆር ነው። አልኮልም ያንኑ ልባስ ያጠቁረዋል። ለእኔ ትልቅ ትርጉም የነበረው የአንድ ምሽት ቲኬት ላይ አልበም ውስጥ የቀረ የሙጫ መስመር ነበረ፤ አልኮል በነካ ጥጥ አንድ ጊዜ ብቻ አበስኩት፣ ቀኑና የመቀመጫው ቁጥር በጥቁር ደመና ተዋጡ። ነጥብ አልሞከርኩም ነበር። አሁን በእጄ የሚገባ ቲኬት ሁሉ፣ የታተመበት ፊት ላይ በጥፍር በፍጥነት ሲጫር ጥቁር መስመር የሚያወጣ መሆን አለመሆኑን ጥቅም በሌለው ጥግ ላይ ሳላይ አልጀምርም።

ሥራው ሲጀመር መጀመሪያ የሚሞከረው ደረቁ መንገድ ነው። ወረቀቱ በጠፍጣፋ ነገር ላይ ይዘረጋል፣ በተለጣፊው አጠገብ ያለው ክፍል በግራ እጅ ጣቶች ይያዛል፤ ከዚያም የተለጣፊው ጥግ በቀጭን የብረት ስፓቱላ ወይም ጫፉ ክብ በሆነ ወረንጦ ይነሣል። አንዴ ከተያዘ በኋላ ወደ ላይ አይሳብም፤ ወደ ራሱ ታጥፎ፣ ፊቱ ፊቱን እስኪነካ ድረስ ተኝቶ፣ በወረቀቱ ላይ እየተንሸራተተ ወደ ኋላ ይሳባል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ አንድ ሴንቲ ሜትር ብንሄድ ዘገምተኛ አይደለንም። ቃጫ ብድግ ሲል በአጉሊ መነጽሩ ከታየ፣ ከዚያ ቦታ ትቶ ከተቃራኒው ጥግ መጀመር ይገባል፤ የወረቀት ቃጫ በአንድ አቅጣጫ ስለሚተኛ በአንዱ በኩል የተላጠው በሌላው በኩል ሳይላጥ ሊወጣ ይችላል። ተለጣፊው ትልቅና የተለጠፈበት ካርድ ወፍራም ከሆነ ሰም ያልተቀባ የጥርስ ክር በሁለት እጅ ተወጥሮ በመካከላቸው እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ ሲንሸራተት ሙጫውን ይከፍለዋል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በስፋት ከተሸጡት፣ ገጻቸው ላይ የሙጫ መስመር ካላቸው አልበሞች ፖስትካርዶችን ያወጣሁት በዚህ ክር ነው።

ደረቁ መንገድ እምቢ ካለ ሙቀት ይረዳል። የፀጉር ማድረቂያው በዝቅተኛ ደረጃ፣ ከወረቀቱ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ፣ ሳይቆም እየተንቀሳቀሰ ለጥቂት ሰከንዶች ይነፋል፤ የእጄ ጀርባ የማይችለውን ሙቀት ወረቀቱ ላይ አላሳርፍም። ለስለስ ያለው ሙጫ ይላላና ተለጣፊው በስፓቱላ ይነሣል። ነገር ግን ሙቀት ሁለት ስለት አለው፤ የላላው ሙጫ ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ወረቀቱ ውስጥም ይፈስሳል። ስለዚህ ይህ ዘዴ አጭር መሆን አለበት፤ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ካልተነሣ እተወዋለሁ። በሌዘር ማተሚያ በታተመ ነገር ላይ ቶነሩ ስለሚቀልጥ አልጠቀምበትም። ቅዝቃዜን የሚመርጡም አሉ፤ ወረቀቱ በታሸገ ፕላስቲክ ከረጢት ተደርጎ በማቀዝቀዣ ከቆየ በኋላ ሙጫው ይደርቅና ተለጣፊው ጠቅ ብሎ ይለቃል። በአንጸባራቂ ወፍራም ካርድ ላይ ሲሠራ አይቻለሁ፤ ወረቀቱ ሲወጣ ጤዛ የሚይዝ በመሆኑ ግን በተራ ወረቀት ላይ አልደፍርም።

የውኃ ወገን ለሆነው ሙጫ መንገዱ እርጥበት ነው፤ እርጥበት ግን ውኃ ማፍሰስ ማለት አይደለም። በአሮጌ ወረቀት ላይ አንድ የውኃ ጠብታ ሲያርፍ በወረቀቱ ውስጥ ያለውን የዕድሜ ቢጫ እየሟሟ ወደ ዳር ይነዳዋል፣ ሲደርቅም በእርጥቡና በደረቁ ድንበር ላይ ቡናማ መስመር ያትማል። ያ መስመር ብዙ ጊዜ ከተለጣፊው የከፋ ነው። ከዚህ የሚያድነው ውኃን የያዘ፣ ነገር ግን በቶሎ የማይለቅ ነገር ነው። እኔ የምጠቀመው ሜቲል ሴሉሎስ የተባለውን ዱቄት ከ4 እስከ 5 በመቶ በሆነ መጠን በውኃ በጥብጦ የሚገኘውን ወፍራም ጄል ነው። ጄሉ በተለጣፊው ላይ ብቻ፣ ከጠርዙ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ተቆጥቦ ይቀባል፤ እንዳይደርቅ በላዩ ላይ ቁራጭ ፕላስቲክ ይደረጋል፣ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይቆያል። በዚህ ጊዜ ውስጥ እርጥበቱ በተለጣፊው ወረቀት አልፎ ወደ ሙጫው ይደርሳል። ከዚያ ተለጣፊው በስፓቱላ ሲነካ እየተንሸራተተ ይወጣል። የላሸቀው ሙጫም በትንሹ በራሰ ጥጥ፣ ሳይታሽ፣ እየተነካ ይነሣል። ወረቀቱ ወዲያው በሁለት መጣጭ ወረቀቶች መካከል ገብቶ ጠፍጣፋ ክብደት ይጫነዋል፤ መጣጮቹ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይለወጣሉ፣ ክብደቱ ግን ቢያንስ እስከ ማግስቱ አይነሣም። ተለጣፊው ላዩ በፕላስቲክ የተለበጠ ከሆነ እርጥበቱ ስለማያልፍ ልባጡ አስቀድሞ በጥንቃቄ መነሣት አለበት።

የቴምብር ሰብሳቢዎች ከፖስታ ላይ ቴምብር በለብ ያለ ውኃ ዘፍዝፈው ማንሣትን ከልጅነት ይማራሉ። ይህ ልማድ ግን በራሳቸው ለሚለጠፉ ቴምብሮች አይሠራም። የመጀመሪያዎቹን በራሳቸው የሚለጠፉ ቴምብሮች ያወጣችው ሴራሊዮን ስትሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1964 ነው፤ ቅርጻቸውም በአገሪቱ ካርታ አምሳል የተቆረጠ ነበር። አሜሪካ በ1974 ለገና በዓል የነፋስ አቅጣጫ ጠቋሚ ርግብ ያለበትን በራሱ የሚለጠፍ ቴምብር ለሙከራ አወጣች፤ የዚያ ቴምብር ሙጫ በዓመታት ውስጥ በወረቀቱ አልፎ ፊቱን ስላበላሸው፣ ከላይ ስለ ጎማ ሙጫ የተናገርኩትን ሁሉ በአንድ ትንሽ ወረቀት ላይ ማየት ይቻላል። ከፖስታው መነሣታቸው የሚያጠራጥር ቴምብሮችን በዙሪያቸው ካለው የፖስታ ወረቀት ጋር ቆርጦ ማስቀመጥ የሚያሳፍር አይደለም፤ እንዲያውም እኔ አሁን ሁልጊዜ የማደርገው ይህንን ነው።

አሁን ወደ አሟሚዎቹ ልምጣ። በጣት ተጭኖ ለሚይዘው የጎማ ሙጫ፣ ገና ካልጠጠረ፣ ከሞከርኳቸው ሁሉ ለወረቀት የዋህ ሆኖ ያገኘሁት ፈሳሽ ላይተር ለመሙላት በትናንሽ ጣሳ የሚሸጠው የጠራ ቤንዚን ነው። በእንግሊዝኛ ስሙ ናፍታ ይባላል፤ ከናፍጣ ጋር ግን ፈጽሞ መምታታት የለበትም፣ ናፍጣ ቅባት ነውና ወረቀትን ለዘላለም ያቆሽሻል። ለመኪና የሚሸጠው ቤንዚንም የተቀላቀሉበት ነገሮች ስላሉ አይሆንም። የላይተሩ ቤንዚን፣ እንደ እርሱም ሄፕቴን የተባለው ንጹሕ ፈሳሽ፣ ከውኃ ጋር ዝምድና ስለሌላቸው የወረቀቱን ቃጫ አያሳብጡም፣ አያሸበሽቡም፣ የውኃ መስመርም አይሠሩም። የነኩት ወረቀት ለጊዜው ብርሃን የሚያሳልፍ ይሆንና ሲተኑ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። የቴምብር ሰብሳቢዎች ከብዙ ዘመን ጀምሮ በወረቀቱ ውስጥ የተሠወረውን የውኃ ምልክት ለማየት ቤንዚን ሲጠቀሙ የኖሩት በዚህ ጠባዩ ምክንያት ነው፤ እነርሱም ራሳቸው ፎቶግራቪየር በተባለው የኅትመት ዘዴ የታተሙ ቴምብሮች ቀለም በቤንዚን ሊሟሟ እንደሚችል ያስጠነቅቃሉ። እኔ አዲስ ጣሳ በከፈትኩ ቁጥር አስቀድሜ አንድ ጠብታ በንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ አደርጋለሁ፤ ሲተን ቀለበት ከተወ ያንን ጣሳ ለስብስቤ አልጠቀምበትም።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። ከወረቀቱ ሥር መጣጭ ወረቀት ይነጠፋል። ፈሳሹ በቀጭን ብሩሽ ወይም በጠብታ ማንጠባጠቢያ በተለጣፊው ጠርዝ ላይ ይደረጋል፣ ወደ ውስጥ እንዲሰርግ ግማሽ ደቂቃ ይጠበቃል፣ ስፓቱላው የላላውን ያህል ብቻ ይገባል፤ ሲተን እንደገና ይጨመራል። በዚህ መንገድ አንድ የዋጋ ተለጣፊ ለማንሣት ሩብ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ተለጣፊው ከተነሣ በኋላ የቀረውን ሙጫ በፈሳሹ በራሰ ጥጥ ማሸት ትልቅ ስሕተት ነው፤ የሟሟው ሙጫ ከፈሳሹ ጋር ወደ ቃጫው ይወርዳልና። የሚሻለው ጥጡን አንድ ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ አንከባሎ መጣልና አዲስ ጥጥ ማንሣት ነው። ለአንድ ፖስትካርድ ሃያ ጥጥ ጨርሼ አውቃለሁ። የአክሪሊክ ሙጫ ለቤንዚን እምብዛም አይበገርም፤ እርሱን አልኮል ወይም ኤቲል አሲቴት ያላላዋል፣ ነገር ግን እነዚህ የጽሕፈትና የኅትመት ቀለሞችን የመንካት ዕድላቸው የበዛ ስለ ሆነ የነጥብ ሙከራው ግዴታ ነው። አሴቶንን እኔ ከስብስቤ አጠገብ አላቀርበውም።

ስለ ደኅንነት የምለውን እንደ ሥርዓት ማሟያ አትዩብኝ። የእነዚህ ፈሳሾች ትነት ከተራ አየር ስለሚከብድ በጠረጴዛው ላይና በወለሉ ላይ ተኝቶ ይጓዛል፤ ራቅ ብሎ ያለ ምድጃ፣ ሻማ ወይም የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሊያገኘው ይችላል። ሄፕቴን ከዜሮ ዲግሪ በታች እንኳ በእሳት ብልጭታ ሊያያዝ የሚችል ትነት ይሰጣል። መስኮቱ ተከፍቶ፣ እሳት በሌለበት፣ ከጣሳው ክዳን በማይበልጥ መጠን መሥራት ያስፈልጋል፤ የፀጉር ማድረቂያና አሟሚ በአንድ ቀን በአንድ ጠረጴዛ ላይ አይገናኙ። ያገለገለው ጥጥ በክፍሉ ውስጥ ባለ ቅርጫት አይጣል፤ ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ። ሄክሴን የተባለው ተመሳሳይ ፈሳሽ በተደጋጋሚ ሲተነፈስ የእጅና የእግር ነርቮችን የሚጎዳ በመሆኑ ከሄፕቴን ጋር ስሙ ቢቀራረብም በቦታው አይተካ። የናይትሪል ጓንትም አይረሳ።

ተለጣፊውም ሆነ አብዛኛው ሙጫ ከሄደ በኋላ የሚቀረው የሚጣበቅ ቀጭን ፊልም ነው። ለዚህ ከሁሉ የምወደው መሣሪያ ከጥሬ ጎማ የተሠራው ክሬፕ ላጲስ ነው። ቅሪቱን እየነካካ ወደ ራሱ ይጠቀልለዋል፤ ላጲሱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከመፈግፈግ ይልቅ እየጫኑ ማንሣት የወረቀቱን ፊት ያድናል። የእርሳስ ላጲስ ግን ሙጫውን ያሰራጨዋል፣ አንጸባራቂውንም ያደበዝዘዋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ጥቂት መጣበቅ ከቀረ፣ የሴሉሎስ ዱቄት በለስላሳ ብሩሽ ተነስንሶ ሲራገፍ መጣበቁን ያስቀራል። ዱቄቱ ከወረቀቱ ጋር አንድ ዘር ስለ ሆነ ባዕድ ነገር እንደ ተጨመረ አልቆጥረውም።

ለመስታወትና ለፕላስቲክ የተሠሩ የስቲከር ማስለቀቂያ ፈሳሾች፣ በተለይ ከብርቱካን ልጣጭ ዘይት የሚዘጋጁት፣ እንዲሁም ማናቸውም ዘይት፣ ሙጫውን በእርግጥ ያላላሉ። በወረቀት ላይ ግን ሙጫውን ወስደው ዘይቱን ይተዉታል፤ ያ ዘይት ደግሞ ራሱ አርጅቶ ቢጫ ይሆናል። በዚህ መንገድ የተበላሹ የመጽሐፍ ሽፋኖችን አይቻለሁ። የሽፋኑ ላይ ተለጣፊ የለም፤ በቦታው ግን ከቦታው የሚሰፋ የቅባት ክብ አለ።

ጠጥሮ ቡናማ የሆነውን እድፍ በተመለከተ እውነቱን መናገር ይገባል፤ በቤት ውስጥ አይወጣም። የተቆላለፈው ጎማ በቤንዚንም በአልኮልም አይሟሟም፤ የደረቀው ቅርፊት በአጉሊ መነጽር ሥር በስካልፔል (በቀዶ ጥገና ቢላ) ጠፍጣፋ ጎን ቀስ ተብሎ ሊፈነቀል ይችላል፣ ወደ ቃጫው የገባው ቀለም ግን ይቀራል። ቤት ያለ ማንጫ ኬሚካል እድፉን ሊያነጣው ይችል ይሆናል፣ ወረቀቱን ግን ከውስጥ ያደክመዋል። ወረቀቱ ብርቅ ከሆነ፣ ወይም በላዩ ላይ የእጅ ጽሑፍ ካለ፣ ወደ ወረቀት ጥገና ባለሙያ መውሰድ ነው፤ ብርቅ ካልሆነ ደግሞ እድፉ ይኑርበት። እድፉ የወረቀቱ የቀድሞ ባለቤት የተቀደደውን ነገር ለማዳን ያደረገው ጥረት ምልክት መሆኑን ማሰብ እኔን ይረዳኛል።

ቃጫው ተነሥቶ ግን ገና ያልተለየበት ቦታ ሊድን ይችላል። ከላይ በጠቀስኩት የሜቲል ሴሉሎስ ጄል ቀጠን ያለው በቀጭን ብሩሽ ከተነሣው ቃጫ ሥር ይገባል፣ ቃጫው ወደ ቦታው ይተኛል፣ በላዩ የማይጣበቅ ወረቀት ተደርጎ በአጥንት ማጠፊያ፣ ማለትም ወረቀት ለማጠፍና ለመዳመጥ በሚያገለግል ለስላሳ የአጥንት መሣሪያ፣ ይዳመጣል፤ የስቲከሮች ጀርባ ልጣጭ ለዚህ ተስማሚ ነው። ቀለም መቀባትን ግን አልደግፍም። የጠፋን ሰማይ በቀለም መሙላት ወረቀቱ ያላለፈበትን ታሪክ መስጠት ነው፤ እንዲህ የተደረገለትን ነገር ሳይናገሩ መሸጥም ገዥን ማታለል ነው። እኔ በእጄ ያለፈውን እያንዳንዱን ወረቀት ምን ተለጥፎበት እንደ ነበር፣ በምን እንደ ተነሣና በየትኛው ቀን እንደሆነ በተለየ ቁራጭ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጽፌ አብሬ አኖራለሁ። ከእኔ በኋላ የሚይዘው ሰው ባለሙያ ጋር ቢወስደው፣ ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ሥራው ያለቀለት ወረቀት ወዲያው ወደ አልበም አይገባም። አሟሚው ሙሉ በሙሉ እስኪተን ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን በአየር ላይ አቆየዋለሁ፤ ከዚያም ፖሊስተር ከተባለው ግልጽ ፕላስቲክ በተሠራ ከረጢት ውስጥ አስገባዋለሁ። በፒቪሲ የተሠሩት ለስላሳ ከረጢቶች የሚያለሰልሳቸውን ቅባት እየለቀቁ በወረቀቱ ላይ አዲስ መጣበቅ ስለሚያመጡ አልጠቀምባቸውም። ቦታው ቀዝቀዝ ያለና የአየሩ እርጥበት ከ35 እስከ 50 በመቶ ቢሆን ይመረጣል፤ በሙቀት ውስጥ የተቀመጠ የሙጫ ቅሪት እንደ ገና ይላላልና።

በዚህ ሳምንት በጠረጴዛዬ ላይ ያለው አንድ የቲያትር ፕሮግራም ነው። በእጥፋቱ ላይ ከላይ እስከ ታች አንድ የሴሎፌን ፕላስተር ተለጥፎበታል፤ በላይኛው ግማሽ ሙጫው ጠጥሮ ፕላስተሩ በራሱ ወድቋል፣ በታችኛው ግማሽ ግን አሁንም ቅባት መሰል ነው፣ ሲነካም ይለጠጣል። በአንድ ወረቀት ላይ ሁለቱም ደረጃዎች ጎን ለጎን አሉ። ታችኛውን በሦስት ምሽት፣ በየምሽቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል፣ በላይተር ቤንዚን አንሥቼዋለሁ፤ በቦታው የቀረው ቢጫ ብዙም አይታይም። ላይኛውን አልነካሁትም። በተዋንያኑ ስም ዝርዝር አጠገብ አንድ ሰው በኳስ እስክሪብቶ የጻፋቸው ሁለት ቃላት አሉ፣ ቡናማው መስመርም በእነርሱ ላይ ያልፋል። ፕሮግራሙን ትናንት ማታ ከነማስታወሻው በፖሊስተር ከረጢቱ ውስጥ አስገብቼዋለሁ።